የአሳምነው ቲማቲም

ነቀምቴ የጣለችው ነገር ሁሉ መጨረሻው ዘርፈሽ እጅ ነው። ከተማዋ በልታና ጠጥታ የተወችውን የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው ከየጉድጓዱ ስቦ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማጣሪያ ያመጣዋል። ሾፌሩ ጋሩማ ቱቦውን ሲለቀው ዘርፈሽ ረጅም መንጠቆዋን ይዛ የብረት ፍርግርጉ አጠገብ ትቆማለች። ጨርቁን፣ ላስቲኩን፣ የሕፃን ጫማውን፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር የምትለቅመው እሷ ናት። የቀረው ዝቃጭ አሸዋና ጠጠር በተነጠፈበት መደብ ላይ ይተኛል። ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ወደ ኩሬዎቹ ይሄዳል፤ ከኩሬ ኩሬ እየተሻገረ ሲጠራ መጨረሻው ላይ ዳክዬ ይዋኝበታል። መደቡ ላይ የቀረው ደግሞ ፀሐይ መትቶት ሲሰነጣጠቅ በአካፋ ይዛቃል። ሽታውስ ይለመዳል። ሥራው የሚፈልገው መጠበቅ ነው።

መጠበቅ ደግሞ ዘርፈሽ ታውቅበታለች። ባሏን አሳምነውን ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ጊዳ አያና፣ መንደራቸው ውስጥ ተኩስ የተነሳ ቀን እሷ ጭነት መኪናው ላይ ወጥታ እጇን ስትዘረጋለት፣ እሱ አንድ እግሩን ካነሳ በኋላ መልሶ አወረደው። "ዘሩን ረሳሁት፤ መጣሁ" ብሎ ተመለሰ። መኪናው አልጠበቀውም።

ዘሩ የቲማቲም ዘር ነው። እንግዲህ ሰው ተኩስ መሐል ለቲማቲም ዘር ይመለሳል? አሳምነው ይመለሳል። አባቱ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ነው። ፍሬው ቢጫ፣ ሽንሽኑ እንደ ዱባ የጠለቀ፣ እንብርቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ በዚያ አገር ሌላ ሰው ጓሮ ታይቶ አያውቅም። በሌላው ነገር እጁ የተፈታ ሰው፣ በዚህ ዘር ግን ቋጣሪ ነበር። ለጎረቤት ቲማቲም ሲሰጥ እንኳ ሆዱን ጨምቆ፣ ዘሩን አውጥቶ ነው። ሰው ሲስቅበት "ዘር ከልጓም ይስባል" ይላል። ተረቱ ለቲማቲም እንዳልተተረተ ቢነግሩትም አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ ሬሳውንም ያገኘ የለም። ስለዚህ ዘርፈሽ አላለቀሰችም፣ ሐዘንም አልተቀመጠችም። ዘመዶቿ ተዝካሩን አውጪ ሲሏት "የቆመ ሰው ተዝካር አላወጣም" ትላለች። እነሱም "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" እያሉ ከኋላዋ ያሟታል። ሚስት ትሁን መበለት ሳይለይላት ኖረች።

እውነቱን ለመናገር አሳምነው ለቋት አያውቅም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከኋላ ወንበር ጀርባውን ታየዋለች። ኩሬው ዳር ቄጤማው ሲንኮሻኮሽ "ዘርፌ" የሚል ድምፁን ትሰማለች፤ ቀና ስትል ዳክዬ ነው። ፍርግርጉ ላይ የወንድ ጫማ ከተያዘ ሳታገላብጥ አታልፍም። አሳምነው ሲራመድ ወደ ውጭ ስለሚረግጥ ተረከዙ በአንድ ወገን ይበላ ነበርና እሱን ትፈልጋለች። ሳይሆን ሲቀር ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ይከፋታል። ይኼን ለማንም አልተናገረችም፣ ምክንያቱም አበደች ይሏታል።

መደብ ላይ ቲማቲም መብቀሉ አዲስ ነገር አይደለም። የቲማቲምን ዘር ሆድ አይፈጨውም፣ ጉድጓድም አይገድለውም። ቶሎ ያልተዛቀ መደብ ላይ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ በየስንጥቁ ብቅ ይላል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ አይበላም፣ ከመዛቁ በፊት ይነቀላል። ዘርፈሽ አንድ ቀን ዳር ያለውን መደብ ልታርም ጎንበስ ብላ ቅጠል ገለጥ ስታደርግ አንድ ቢጫ ፍሬ አየች። ሽንሽኑ ጠልቋል። እንብርቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

እዚያው ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ጋሩማን ጠራችው።

"ይኼን መደብ ከየት አምጥተህ ነው የሞላኸው?"

"ዳር ያለውን? ከበኬ ጃማ ሰፈር ነዋ። አንድ የኪራይ ግቢ ጉድጓዱ ሞልቶ ሲያስቸግራቸው ጠሩን። እሱን ብቻ ነው የያዘው። ምነው አዴ ዘርፈሽ፣ ወርቅ ወጣልሽ እንዴ?"

"እስከ ሰኞ አይዛቅ።"

"አለቃው ቅዳሜ ብሏል እኮ።"

"ሰኞ በልልኝ። ለምኜሃለሁ።"

ጋሩማ ፊቷን አየና ቀልዱን ተወ። "እሺ፣ እኔ እነግረዋለሁ" አላት።

ለዘርፈሽ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዘሩ ከአሳምነው በቀር ማንም ዘንድ የለም። ዘሩ ነቀምቴ ከደረሰ እሱም ደርሷል። በኬ ጃማ አንድ ግቢ ውስጥ ተክሎ፣ አሳድጎ በልቷል ማለት ነው።

እሑድ ዕለት የሥራው ሽታ አብሯት እንዳይገባ ገላዋን በሎሚ ታጠበች። ጸጉሯን ቅባት አስነካች። እሱ የሚወደውን ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ለበሰች። ባጃጁ ውስጥ ሆና "አንድ ከተማ ተቀምጦ ሳይፈልገኝ?" ብላ መናደድ ጀመረች፤ መናደዷም ራሱ ደስ አላት። ሰው የሚናደደው በሕያው ነው።

ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት አገኘችና ከጊዳ አያና የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ሴትየዋ "ከጓሮ አንድ አሉ" ብላ በአገጯ ጠቆመቻት። ጓሮው ውስጥ አጥሩን ተደግፎ ቢጫው ቲማቲም ተንጠልጥሏል። ከክፍሉ የወንድ ሳል ተሰማ። ወደ በሩ ተጠጋች።

"አሳምነው" አለች።

በሩን የከፈቱት ግን የአጥር ጎረቤታቸው የነበሩት ሽማግሌው ኦቦ ጉደታ ናቸው። አዩዋት።

"አካም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ" አሉ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዘርፈሽ ያን ጊዜ አወቀች። ቢሆንም ጠየቀች።

"ዘሩን ማን ሰጠዎት?"

"እሱ ይሰጣል እንዴ?" አሉ፤ ድምፃቸው ሳቅም ለቅሶም ነበረው። "ቆሞ ሳለ አንዲት እንኳ ከልክሎኝ የለም? መንገድ ዳር ነው ያገኘሁት፤ ወደ መኪናው ሲመለስ ተመትቶ። ከልጄ ጋር ሆነን በጋቢዬ ጠቅልለን፣ ማሳዬ ዳር ዋንዛው ሥር ቀበርነው። ኪሱን አልነካሁም። የሟች ኪስ እንዴት ይዳበሳል? ክረምት ሲገባ መቃብሩ ላይ ቲማቲም ወጣ። በኪሱ የያዘውን ያኔ አወቅሁ።"

ዘርፈሽ ወደ አጥሩ፣ ወደ ቲማቲሙ ዞረች።

"የመቃብር ፍሬ አይበላም አሉኝ። የሱ ልፋት መሬት ላይ ሲረግፍ ማየት አልቻልኩም፤ እኔ በላሁት። ታምሜ እዚህ ያለው ሌላው ልጄ ዘንድ ስመጣም ዘሩን ላንቺ ብዬ ያዝኩ። እንዳይጠፋ እዚህ ተከልኩት።"

"ፍሳሹ ጋ እንደምሠራ አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ።" አቀረቀሩ። "መርዶ ለብቻ አይነገርም ኢንተለ ኮ። ሽማግሌዎች ይዤ፣ ከወገንሽም ሰው ይዤ፣ ገና በማለዳ በርሽን ላንኳኳ ነበር። ወገንሽ ተበተነ፤ የኔም ሰዎች ተበተኑ። ሰው ይሙላልኝ እያልኩ ስጠብቅ ይኸው ዓመት ሄደ።"

ዘርፈሽ ልትቆጣቸው አልቻለችም። እሳቸው መርዶ ነጋሪ ሲጠብቁ፣ እሷ ባሏን ስትጠብቅ፣ መርዶውን የፍሳሽ መኪና አመጣላት።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው መደቡ ዳር ቆመዋል። ጋሩማ ቀረብ አለና "አዴ ዘርፈሽ፣ የምትፈልጊውን አገኘሽ?" አላት።

"አገኘሁት" አለች።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አረንጓዴ ጥለቱን ገልብጣ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ መደቡ ላይ ወጥታ ቲማቲሙን ደንቡ እንደሚለው ከነሥሩ ነቀለችው። እንደ ልጅ አቅፋው መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሩማ ኮፍያውን አወለቀና ካጠገቧ ተቀመጠ፤ ሌሎቹም አካፋቸውን አስቀምጠው ተከተሉት። የአሳምነው ለቅሶ የተጀመረው እዚያ ነው። ከኩሬው ዳር ቄጤማው ተንኮሻኮሸና "ዘርፌ" የሚለው ድምፅ ተሰማት። በዚህ ጊዜ ቀና ብላ አልፈለገችውም፤ አንገቷን ደፍታ አለቀሰችለት።