ገመዱ ሲነሳ

መርካቶ መሃል ላም የሚያረባ ሰው አለ ቢሏችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ጋሼ ጠሀ ለምደውታል። ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ ገመድ ይሸጣሉ፤ ቤታቸው ከአማኑኤል ጀርባ ነው። ከቤታቸው አጠገብ ሕንፃ ይሠራበታል ተብሎ በቆርቆሮ ታጥሮ የተረሳ ባዶ ቦታ አለ። ጥበቃው አስናቀው ደግ ነውና ላማቸውን ቡሬን ያስገባላቸዋል።

ቡሬን ጊደር ሳለች ያመጣቻት ሚስታቸው ሀፍሷ ናት፣ አላህ ይዘንላትና። እሷ ስትሞት ለቀስተኛው በሳምንቱ ተበተነ፤ ልጅ የለ፣ ዘመድ አገር ቤት ነው፤ ቡሬ ብቻ ቀረች። ጋሼ ጠሀ ከሱቃቸው ገመድ አምጥተው ቦታውን ሃያ ላይ ከፋፈሉት። ቡሬ በቀን አንዱን ክፍል ብቻ ትግጣለች። ጠዋት ገመዱን ያነሱና «እለፊ!» ይሏታል፤ ካላሏት ንቅንቅ የለም። የተጋጠው መሬት እበቷን ይዞ ተራው እስኪደርስ ያርፋል። ያ ሁሉ ጠጠርና ፍርስራሽ በሦስተኛው ክረምት ሰርዶ በሰርዶ ሆነ።

የሱቅ ጎረቤታቸው ደመቀ አረም ማጥፊያ ይሸጣል። «ጋሼ፣ አንድ ጠርሙስ ልስጥዎት፤ ሣሩ መሃል የበቀለውን እሾህ ድራሹን ያጠፋዋል» ሲላቸው፣

«መድኃኒት የታመመ ይውሰድ! የእኔ መሬት ጤነኛ ነው» ይሉታል። ግትር ናቸው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያች ላም በቀር የሚጠብቃቸው ነፍስ አልነበረም።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት አስናቀው አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ጋሼ፣ የቦታው ባለቤት ሊገነባ ነው። ሰኞ ዶዘር ይገባል።»

መሬቱ የሰው ነው። ቡሬን ግቢያቸው አስረው የተገዛ ድርቆሽ አቀረቡላት። አሸተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዐሥር ቀን ጎኗ ገባ። አንጀታቸው አልቻለም፤ ስልጤ ላለው የእህታቸው ልጅ ለሙናዊር ደወሉለት። በአይሱዙ ጭኖ ወሰዳት። ያን ቀን ሱቅ አልከፈቱም። «ለላም እንዲህ ይኮናል እንዴ?» አለ ሰፈሩ። ይኮናል!

በሦስተኛው ቀን ሙናዊር ደወለ። «አጎቴ፣ ሜዳው እስከ ወንዙ ድረስ ሣር ነው። እሷ ግን ካወረድኳት ቦታ ያለውን ግጣ ጨርሳ ዝም ብላ ቆማለች። አጥር የለ፣ ገመድ የለ፤ አትራመድም። ታማ ይሆን?»

ጋሼ ጠሀ ወዲያው ገባቸው። «አልታመመችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላት» አሉት። ሱቅ ውስጥ ናቸው፤ ደንበኛ ቆሟል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቡሬ! እለፊ!» ብለው ጮኹ። ተራው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ወላሂ ሄደች!» አለ ሙናዊር እየሳቀ። «አጎቴ፣ ወንዙ ጋ ልትደርስ ነው እኮ!»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ደንበኛው ሄዷል። እስከ ጣሪያ በተቆለለው ገመድ መሃል ተቀመጡ።

አመሻሹ ላይ ደመቀ ሱቁን ሲዘጋ እዚያው አገኛቸው። «ጋሼ፣ ቤት አይገቡም እንዴ?»

ጋሼ ጠሀ ቀና ብለው አዩት። «እሷንስ እለፊ አልኳት» አሉ፤ «እኔን ማን ይበለኝ?»