የኤኔሌስ ልጅና ሰሚ ያጣው ፊርማ

ኤኔሌስን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በድምፅዋ ነው። እኔ ግን የማውቃት በእግሯ ነው። ሊምቤ ገበያ ውስጥ እኔ ማንዳዚ የምንለውን ጣፋጭ ሊጥ በዘይት እጠብሳለሁ፣ እሷ ከጎኔ ቲማቲም ትሸጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ እግር ከጠረጴዛው ሥር አርፎ አያውቅም። ደንበኛው ከላይ ቲማቲም ይመርጣል፣ እሷ ከታች መሬቱን ትደልቃለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የፈላ ዘይት ልትደፊብኝ ነው፤ እግርሽን ሰብስቢ!» እላታለሁ።

«ፋሌስ፣ አንቺ ሊጥሽን አቡኪ። ሐሙስ አባታችን ይመጣሉ፣ አዲሱን ዘፈን እየሞከርኩ ነው» ትለኛለች።

አባታችን የምትለው ፕሬዚዳንቱን ነው። እሷ የሠፈራችን የፓርቲ ሴቶች የጭፈራ መሪ ነበረች። ሰውየው አውሮፕላን በተሳፈረና በወረደ ቁጥር አርባ ሁለት ሴቶች ፊቱ የታተመበትን ጨርቅ አገልድመው በጭነት መኪና ተጭነው ይሄዳሉ። እዚያ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ እሱ ብቅ ሲል ምድሪቱን ያናውጧታል። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ጨርቁ አለ፣ ምሳ አለ፣ ሰልፍ ላይ «እሷ ትለፍ» መባል አለ። «የአገር መሪ ዳሌሽ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ አያዞረውም?» ስላት የበሰበሰ ቲማቲም ትወረውርብኛለች። አንዴ ግንባሬን አግኝታኛለች።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከበሮው ሲግል ፕሬዚዳንቱ ጭራውን ይዞ ወደ ክቡ ይገባና ከመሪዋ ጋር ፊት ለፊት ጥቂት ይጨፍራል። ያኔ መሪዋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትለምናለች። ክብ ውስጥ የተለመነ ነገር እምቢ አይባልም። እምቢ ካለ ሴቶቹ በቆሙበት ጸጥ ይላሉ፣ ይህ ደግሞ ለመሪ የአገር ነውር ነው። ኤኔሌስ በዚህ መንገድ የውኃ ጉድጓድ ለምናለች፣ የትምህርት ቤት ጣራ ለምናለች። ለራሷ ግን አንድም ቀን ምንም አልጠየቀችም። ሞኝ ነሽ እላት ነበር፤ አሁንም እላለሁ።

ከዚያ ያሚካኒ ታሰረ። ያሚካኒ አንድ ልጇ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የሚነዳው መኪና ላይ የተሰረቀ ማዳበሪያ ተገኘ። የመኪናው ጌታ ጥሩ ጠበቃ ይዞ ቀረበ፣ ያሚካኒ ደግሞ ባዶ እጁን ቀረበ፤ ስምንት ዓመት ፈረዱበት። በሁለተኛው ዓመት ሳል ያዘው። የእስር ቤቱ ሐኪም ለኤኔሌስ ሳይሸፋፍን ነገራት። እኔም የምግብ ቅርጫቷን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«እማማ፣ ሳንባው ተጎድቷል። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰው ነው የሚተኛው። ወጥቶ ሆስፒታል ካልገባ ዝናቡን አይሻገርም።»

ኤኔሌስ ያን ዕለት አላለቀሰችም። በሚቀጥለው ሐሙስ ክቡ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ፊቷ ሲደርስ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለች ብል ይቀለኛል። ሰውየውም ቀና አለና ሁሉም እየሰማ «ለነጻነት በዓል ልጅሽ ቤትሽ ይገባል!» አለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። በዓሉ ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ፕሬዚዳንቱ ለእስረኞች ይቅርታ ያደርጋል፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት መሰለን። እሷ ለያሚካኒ አልጋ አስጠገነች፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባች።

ይሄኔ ነው ሰውየው ሥልጣኑን የሚያስረዝም ሕግ ፓርላማ ይግባልኝ ያለው። ሁለት ጊዜ ገዝቷል፣ ሦስተኛም አማረው። ከገዛ ፓርቲው ማጋሌታ የሚባል የፓርላማ አባል ተነሥቶ «አይሆንም» አለ። ኤኔሌስም ልጄን ያወጣልኛል ያለችውን ሰው የነካባት መሰላትና ዘፈን አወጣችለት፤

«ማጋሌታ፣ ከአባትህ ማዕድ በላህ፣
ቅባት እጅህን በልብሱ ጠረግህ!»

ዘፈኑ እንደ ሰደድ እሳት ነው የተዛመተው። ሬዲዮ ጣቢያው በቀን አምስቴ ያጫውተዋል፤ ሕፃናት በየመንገዱ እጃቸውን አንዱ በሌላው ልብስ ላይ እየጠረጉ ይዘፍኑታል። ማጋሌታ ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጁ እጅ መጥረጊያ ሲያቀብለው ሰው ሁሉ ሳቀበት አሉ። እኔም ስቄ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ድምፅ የተሰጠ ቀን ገበያው ሥራ አልሠራም። ዓሣ ሻጩ ሳይዲ ሬዲዮኑን የዓሣው ክምር ላይ አስቀምጦ ሁላችንም ከበን ነበር። ሕጉ በሦስት ድምፅ ወደቀ። ከዚያ ሳይዲ ኤኔሌስን ገልመጥ አድርጎ ሬዲዮኑን አጠፋና «እንግዲህ አባታችሁ ሻንጣውን ያዘጋጅ» አለ። ትናንት እኮ «እሜቴ» እያለ ዓሣ የሚመርጥላት እሱ ነበር!

«ወንበሩ ላይ እስከ ግንቦት ምርጫ አሉ» አለች ኤኔሌስ። «አሁንም ፕሬዚዳንት ናቸው።»

«ናቸው፣ ናቸው» አላት ሳይዲ። «ፎቶአቸውም ግድግዳ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በዓይን ይታይ ነበር። በግንቦት ወንበሩን የሚወርሰው ማጋሌታ እንደሆነ ሁሉም ቆርጦ ነበር። አርባ ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ዘጠኝ ሆኑ። አንዷን ጉልበቷን አመማት፣ ሌላዋ ባሏ ከለከላት፣ ሌላዋ ጨርቁ በእሳት ተቃጠለብኝ አለች። ያልተቃጠለው ጨርቅ ደግሞ የልጅ ማዘያ ሆነ፣ አንዳንዱ ወለል መወልወያ። ጭነት መኪናው መምጣት አቆመ። ሚኒስትሮቹ በየተራ ታመሙ፤ እንዲያ ያለ የጤና ችግር በአንድ ካቢኔ ታይቶ አይታወቅም።

በዓሉ ደረሰ። ኤኔሌስ ከጠዋት ጀምሮ ጨርቁን አገልድማ እስር ቤቱ በር ላይ ቆመች። የበቆሎ ገንፎአችንን ንሲማና ዓሣ ሠርታ፣ ለልጇ አዲስ ሸሚዝ ይዛ። ማታ ባዶዋን ተመለሰች።

«ምን አሉሽ?»

«ወረቀት አልመጣም አሉኝ።»

«ለሌሎቹስ?»

«ለማንም አልመጣም። ፋሌስ፣ ለማንም!»

ሸሚዙን እንደታጠፈ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

በሦስተኛው ሳምንት ፕሬዚዳንቱ ከጉባኤ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ልትጠብቀው ተነሣች። «ብቻዬንም ቢሆን እጨፍራለሁ፤ ክብ ውስጥ የገቡልኝን ቃል ክብ ውስጥ እጠይቃለሁ» አለች። ብቻሽን ክብ አትሠሪም ብያት፣ በሕይወቴ ጨፍሬ የማላውቅ ሴትዮ ሊጤን ጥዬ ተከተልኳት። ሁለት አሮጊቶች ተጨምረው በሚኒባስ ሄድን። አራት ሴቶች! ከበሮ እንኳን የለም፣ በእጃችን ነው የምናጨበጭበው። ቀይ ምንጣፉ ግማሽ ድረስ ነው የተዘረጋው፤ የሚዘረጋው ሰው ደክሞት ይሁን ንቆት እንጃ።

ፕሬዚዳንቱ ወረደ። ሊቀበሉት የመጡት ሦስት ናቸው። ድምፃችንን ሰምቶ ዘወር ሲል ፊቱ በራ፤ አንጀቴን በላኝ ብል አትመኑኝም፣ ግን በላኝ። ጭራውን ይዞ መጣና ኤኔሌስ ፊት ቆሞ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። እሷም ጠጋ አለች።

«አባታችን፣ ልጄ።»

«ልጅሽ አልወጣም እንዴ?»

«አልወጣም።»

ጭራው ቆመ። «ፈርሜያለሁ እኮ! ከበዓሉ በፊት ነው የፈረምኩት፣ በገዛ እጄ።» ወደ ኋላ ዞሮ ሚኒስትሩን አየው። ሚኒስትሩ ስልኩን ያያል። «ያ ወረቀት የት ደረሰ?» ሲለው «እናጣራለን ክቡርነትዎ» አለ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ፕሬዚዳንቱ እንደገና ወደ ኤኔሌስ ጎንበስ አለ። እኔ አጠገቧ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«ስደውል አያነሱልኝም፣ ልጄ። አንቺም ቢሮው ድረስ ሄደሽ ጠይቂልኝ። ለአንቺ ሳይነግሩሽ አይቀሩም።»

ሞቼ ነው ቆሜ! የአገር መሪ ለቲማቲም ሻጭ «ጠይቂልኝ» ሲል ሰማሁ። በልማዱ ጸጥ ማለት ነበረብን፤ ግን ሰውየው እምቢ አላለም። እምቢ ለማለትም የሚሆን ነገር እጁ ላይ አልቀረውም። ኤኔሌስ መኪናው እስኪሄድ ድረስ ብቻዋን ማጨብጨቧን ቀጠለች፣ እጇን ይዤ ነው ያስቆምኳት።

በማግስቱ ወረቀቱ የሚያልፍበት ቢሮ ሄድን። ጨርቁን አውልቂ ብዬ ለመንኳት፣ «በዚህ ልብስ ነው ቃል የተገባልኝ» ብላ እምቢ አለች። ጸሐፊው ገና ከበር ሲያያት ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አደረገና «ማጋሌታ፣ ከአባትህ ማዕድ በላህ» እያለ አንጎራጎረ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ግን የልጇን ስም ስትነግረው መሳቁን ትቶ መሳቢያውን ከፈተ።

«ይኸው እማማ። ሁለት መቶ አሥር ሰው፣ የእርስዎ ልጅ አርባ ሦስተኛ ነው። ፊርማውም አለ።»

ኤኔሌስ እጇን ዘረጋች። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ታዲያ ለምን አትልከውም?» አልኩት እኔ። «መሳቢያ ውስጥ ሊፈለፈል ነው?»

«እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ይህን ወረቀት ላክሁ እንበል። በግንቦት ማጋሌታ ወንበሩን ሲይዝ "በማን ትእዛዝ ፈታህ" ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? አለቃዬ እንዳይወጣ ብሏል፤ የእሱም አለቃ እንደዚያው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማጋሌታ አንድ ቃል ካሉ ግን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። እሳቸው ዘንድ ሂዱ።»

በዚያ ቅዳሜ ማጋሌታ በእግር ኳስ ሜዳው ስብሰባ ነበረው። ኤኔሌስ ጨርቁን አውልቃ ጠቆር ያለ ቀሚስ ለበሰች። ያለዚያ ጨርቅ ዳሌ የሌላት መሰለኝ። ሜዳው ስንደርስ እነዚያ ጉልበታቸውን የታመሙት፣ ባል የከለከላቸው ሴቶች አዲስ ጨርቅ አገልድመው ይዘላሉ፤ ጨርቁ ላይ የማጋሌታ ፊት አለ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እሷን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። የአንዷን እንኳን ዓይን ማግኘት አልቻልኩም፣ ባገኝ የምለውን አውቅ ነበር።

ኤኔሌስ መድረኩ ሥር ተንበረከከች። ማጋሌታ ማን እንደሆነች ሲነግሩት ማይክሮፎኑን አነሣ።

«የቅባት እጅ እናት! እንኳን ደህና መጣሽ!» ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። «ምን ልርዳሽ?»

«ልጄ ታሞብኛል ጌታዬ። ወረቀቱ ተፈርሟል። ይውጣ የሚል አንድ ቃል ከእርስዎ ብቻ ነው የቀረው።»

«ቃሉ አለ። መጀመሪያ ግን ያን ዘፈን ዝፈኝልኝ። የእኔን ስም አውጥተሽ የእሱን አስገቢበት።»

ኤኔሌስ ዞር ብላ አየችኝ። ተነሽ እንሂድ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያሚካኒ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እሷ ተነሥታ ዘፈነች። ጭራውን ይዞ ፊቷ ትከሻውን የነቀነቀውን ሽማግሌ፣ የሕዝብን ማዕድ በላህ፣ ቅባት እጅህን በልብሳችን ጠረግህ አለችው። ድምፅዋ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ሦስቴ አስደገማት። ሬዲዮ ጣቢያው ይቀዳ ነበር።

ሲያበቃ ማጋሌታ እንባው እስኪፈስ ስቆ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ጎበዝ! በግንቦት ወንበሩን እንደያዝኩ መጀመሪያ የማየው የልጅሽን ጉዳይ ነው። አሁን ግን እኔ ማን ነኝና አዛለሁ? እኔ እኮ አንድ ተራ የፓርላማ አባል ነኝ። ፕሬዚዳንት አለን አይደል እንዴ?»

ሜዳው እንደገና ሳቀ። እኔ ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ሁለት ጠባቂዎች ናቸው ጎትተው ያወጡኝ።

እሑድ እስር ቤት ሄድን። ያሚካኒን ሁለት እስረኞች ደግፈው ነው ወደ ፍርግርጉ ያመጡት። ያ መኪና የሚያክል ልጅ እንጨት ሆኗል። ፊቱ ግን ፈክቷል።

«እማ፣ ትናንት በሬዲዮ ሰማንሽ! ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ማጋሌታ ራሱ ጎበዝ አለሽ አይደል? እንዲህ ከሆነማ ልወጣ ነዋ?»

የማጋሌታን መልስ ሬዲዮው ቆርጦታል ማለት ነው። ሰማዩ በዚያ በኩል ጠቁሯል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሳምንት አይሞላውም። ግንቦት ስንት ወር እንደቀረው እኔም እሷም እናውቃለን።

«ልትወጣ ነው የኔ ልጅ» አለችው። «አልጋህን አንጥፌልሃለሁ።»

ያሚካኒ ሳለ፣ አፉን ጠረገ። «በይ እንግዲህ» አላት በፍርግርጉ ውስጥ እየሳቀ፤ ወደ ደገፉት ሁለት እስረኞችም ዘወር አለ። «እናቴን አያችኋት? ዝፈኝላቸው እማ። ያን ትናንት የዘፈንሽውን።»

እሷም ፍርግርጉን ይዛ ዘፈነችለት። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።