እናቴ በአባቷ ፊት ምላሷን ያወጣችበት ቀን

ዛሬ አምቦ ላይ እናቴ የጥርስ ሐኪሟን እንባው እስኪፈስ አሳቀችው።

ከመንጋጋዋ ሥር ያለውን ጠባሳ አይቶ «እማማ፣ ይሄ የምንድነው?» ቢላት እንዲህ ብላ አወራችለት።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጉደር ኮረዳ ሳለች፣ የምራቅ ዕጢዋ ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ። ምግብ በቀረበ ቁጥር መንጋጋዋ ሥር ያብጥ ነበር።

አምቦ የነበረው ቀዶ ሐኪም «ዕጢው ይውጣ» አለ። «ግን ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም፣ ጣዕም የሚያደርሰውም በዚያው ነው የሚያልፉት። በጣም እጠነቀቃለሁ።»

አያቴ ኦቦ ገለታ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ፈሩ።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ ሐኪሙ «ምላስሽን አውጪ» አላት። እናቴ ወደ አባቷ ዞር አለች። በእሳቸው ቤት ምላስ ማውጣት በአለንጋ ያስገርፋል!

«አውጪ እንጂ!» አሏት።

አወጣች። ነርቩ ተጎድቶ ቢሆን ወደ አንድ ወገን ይጣመም ነበር፤ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሐኪሙ በታመመችበት በኩል ምላሷ ላይ ማር ጠብ ሲያደርግላት «ይጣፍጣል!» አለች።

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው! እስቲ ድገሚው ልጄ!» ብለው አያቴ አጨበጨቡ። ወደ ጉደር ሲመለሱም ላገኙት ዘመድ ሁሉ ምላሷን አስወጥተው አሳዩ።

የእናንተስ ወላጆች በደስታ ብዛት የትኛውን ነውር ፈቀዱላችሁ? እስቲ አውሩን።