የጭሶ ነጭ ጨርቅ

ጭሶ ይሉታል፤ ጭስ ስለማይወድ ነው፣ ለመተረብ። የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበትን ቤት የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ሃያ ሦስት ዓመት ሲያነድ፣ ጭስ ማውጫው አንድም ቀን ጥቁር ተፍቶ አያውቅም። ጠዋት ሲገባ ጣሪያው ላይ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ ነጭ ጨርቅ ያስራል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ አውርዶ ያየዋል። ጨርቁ እንደነጣ ከዋለ ኩራቱ አይጣል ነው። ዘዴው ደግሞ ቀላል ነው፦ የማቃጠያውን አየር መግቢያ ወለል አድርጎ መክፈት። እሳት አየር ከጠገበ አይጨስም፤ አለቀ ደቀቀ።

ያላለቀለት አንድ ጣጣ ግን ነበረው። ለቀኑ የሚሰፈርለት ናፍጣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ፣ ማሽን ያላስለቀቀውን እድፍ በእጅ የሚያሹት ሴቶች በበረዶ ውሃ ያሻሉ። አንዷ ሚስቱ ናት። ጣቶቿ አብጠው የጋብቻ ቀለበቷን ካወለቀች አራት ዓመቷ። ባማረረች ቁጥር ጭሶ ናፍጣ ሰፋሪዎቹን ይረግማል፤ እሷም አምናው አብራ ትረግማለች።

ሰኞ ዕለት ቦይለሩን እንድትመረምር አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተላከች። ጭስ ማውጫው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ሰክታ መለኪያዋን አየች፤ ከዚያ ጭሶን አየችው። ነጩን ጨርቅ አምጥቶ ቢያሳያትም ከቁብ አልቆጠረችው። የአየር መግቢያውን ወደ ግማሽ ስትዘጋው እጇን ሊይዛት ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ትርፉ አየር ሙቀቱን ተሸክሞ ይዞት ይወጣል» አለችው። «ሰማዩን ነው ሲያሞቁ የኖሩት።»

ጭሶ ግራ ገባው። ጭስ ከሌለ ምኑ ነው የሚባክነው? ንጹሕ ነገር እንዴት ጥፋት ይሆናል? ሦስት ጊዜ አስደግሟት ሦስቴም «እሺ» አለ፤ ሦስቴም አልገባውም። መለኪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን ቢጠይቃት ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ጨርቁን መልሶ አሰረና ጥላሸት እስኪለብስ፣ ልጅቷም እስክታፍር መጠበቅ ጀመረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ እሳቱ አልጠፋም። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ይነዳል። ጨርቁን አወረደው፤ ነጭ ነው። በርሜሉን በዱላ ለካ፤ ዱላው በናፍጣ ርሶ ወጣ። የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ለካ። ደስ ሊለው ሲገባ ፈራ።

እግሩ እንደመራው ማጠቢያው ክፍል ገባ። ሚስቱ እጆቿን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ነክራ ቆማለች። አታሽም።

«ዛሬ ናፍጣ ጨመሩልን እንዴ?» አለችው።

«አልጨመሩም። ያው ነው።»

«ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ?»

መሐንዲሷ ያለችውን ሊነግራት አሰበ፤ አሁንም በቅጡ አልገባውም። የገባው ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«ነበረ» አላት። «ሁልጊዜም ነበረ።»

ምን እንደሚል ግራ ገብቷት አየችው። ጭሶ በነጩ ጨርቅ ጣቶቿን ሊያደርቅላት እጇን ከውሃው ሳብ አደረገው።

«ተወኝ እስቲ» አለችው፣ መልሳ እየነከረችው። «ትንሽ ልሙቅ።»