በአይብ ጎላ የተጠመቀችው ፍሉሪና

ጎረቤቴ ባርላ የመንደራችን አይብ ሠሪ ናት። በበረዶው ወራት ግን ጎህ ሲቀድ አካፋ ተሸክማ ወደ ተዳፋቱ ትወጣለች። ወደ ላይኛው መንደር ወደ ሱርጎዳ የሚወስደው መንገድ ናዳ ያሰጋዋልና፣ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የምትለው እሷ ናት።

የጌታ ጥምቀት በሚከበርበት እሑድ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ፍሉሪና ክርስትና ልትነሳ ነበር፤ ያውም ዘር ማንዘሯ በተጠመቀበት በሱርጎዳ ቤተ ክርስቲያን። ያን ዕለት ጠዋት እኔም አብሬያት ወጣሁ። ከማያሰጋ ቦታ ላይ በረዶውን ቆፈረች፣ እንደ ምሰሶ ለይታ ቆረጠችው፣ አካፋውን ከላይ አስቀምጣ በእጇ መታ መታ አደረገችው። ደህና በረዶ በሙሉ ክንድ ቢመቱትም ይችላል። ይሄኛው ጣቷ ገና ሲነካው ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ሥሩ ስኳር ነው፣ እርስ በርሱ አይያያዝም» አለች፤ ፊቷ ጠቆረ። «ነፋሱ ደግሞ ትናንት ከላዩ ከባድ የበረዶ ብርድ ልብስ አልብሶታል።»

ወርደን የመንገዱን መዝጊያ እንጨት ስትጥል አማቿ ጊያኪን ከነቤተሰቡ በመኪና ደረሰ።

«እማማ! አንድ መዝሙር ሳንጨርስ እኮ እንደርሳለን። እግዚአብሔር ልጅ በሚያስጠምቅ ሰው ላይ ናዳ ይለቃል?»

«እግዚአብሔርማ በአካፋዬ ነግሮሃል። አልሰማ ያልከው አንተ ነህ።»

«ለራስዎ የልጅ ልጅ እንኳ?»

«ለሰው የዘጋሁትን ለራሴ ከከፈትኩ ነገ ማን ያምነኛል?» አለችና ዓይኗን በጓንቷ ጠረገች።

የክርስትናውን ኬክ ታቅፈው ከመኪናው ኋላ የተቀመጡት ቄሱ አባ ሞደስት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጌታ የተጠመቀው በወንዝ ነው፤ ሱርጎዳ አልወጣም። ባርላ፣ የአይብ ጎላሽ ንጹሕ ነው?»

«አባ! ከእርስዎ ጽዋ ይበልጥ ያበራል!»

ባርላ ከመንገዱ ዳር ንጹሕ በረዶ በባልዲ ሞላች። በአይብ ቤቱ ምድጃ አቀለጥነው፣ ለብ አደረግነው። ፍሉሪና ውኃው ሲነካት አላለቀሰችም፤ አስነጠሰች እንጂ። ባርላ አስቀድማ ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ስልክ ደውላ ነበርና በዚያው ቅጽበት የሱርጎዳ ደወል ከላይ ተሰማ።

«እማማ፣ ደወሉ ናዳውን ያወርደዋል!» አለ ጊያኪን።

«በረዶ የሚንደው ክብደት ነው። በድምፅ ቢሆን ጠዋት ያንተ ጩኸት ይበቃው ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

በማግስቱ ጊያኪን ወደ ተራራው እያየ መጣ። «ናዳው አልወረደም እኮ፣ እማማ!»

«እንዳይወርድ እኮ ነው የጸለይኩት፣ አንተ ሞኝ» አለችው፤ አካፋውንም አሸከመችው፣ በረዶውን አብረው ሊፈትሹት ወጡ።