ውሃውን በልኩ ማንሳት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ፣ ኒካሕ፣ ምረቃ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመጣውን ሁሉ አነሳለሁ። ሰው ወደኔ የሚመጣው እንዲያምርለት ነው፤ ስለዚህ ማሳመር ለምዶብኛል። የከሳውን አወፍራለሁ፣ የጠቆረውን አፈካለሁ። ይቺ አመሌ ናት እናቴ ላይ ጉድ የሠራችው።

ወንድሜን አምባሰል ውስጥ ወንዝ ወሰደው። ከውጫሌ ገበያ ከጓደኛው ጋር ሲመለሱ፣ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ ጎርፍ መጣ። ጓደኛው "እስኪጎድል እንጠብቅ" ቢለው ሳቀበት አሉ። "እኔ እኮ የሐይቅ ልጅ ነኝ!" ብሎ ገባ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። እኛ ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች ውሃ እናውቃለን ብለን እንኮራለን፤ የምናውቀው ግን የተኛውን ውሃ ነው። አገሬው እስከ ቆላ ድረስ ወርዶ ፈለገው። ሬሳው አልተገኘም።

ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሰላተል ጋይብ ተሰገደለት፣ ሰደቃም ወጣለት፤ እናቴ ግን አንዲት እንባ ጠብ አላደረገችም። "የሐይቅን ልጅ ጅረት አይወስደውም። ዓረብ አገር ያምረው ነበር፣ ሄዶ ነው። ይደውላል" አለች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ምሳ አብልታ "መንገደኛ ነው፣ ዱዓ አድርጉለት" እያለች ትሸኛቸዋለች። እኔ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ነበር የማለቅሰው። እሷ ፊት ማልቀስ እሱን በእጄ መግደል መሰለኝ።

አንድ ቀን "በይ እስቲ ያንን ወንዝ አንሺልኝ፣ ልየው" አለችኝ። ጉልበቷን ስለሚያማት ራሷ መሄድ አትችልም። አይታ ታምናለች፣ አልቅሳም ይወጣላታል ብዬ ደስ አለኝ።

የሄድኩት በኅዳር ነው። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ስታንዴን ተክዬ፣ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ እንዲቆይ ሹተሩን አዘገየሁት። እንዲያ ሲነሳ የሚፈስ ውሃ እንደ ነጠላ ይለሰልሳል፤ ስልክ ላይ ያየሁት ዘዴ ነው። የዳሩን ሣር አስገባሁ፣ አስቀያሚዎቹን ድንጋዮች ከፎቶው አስወጣኋቸው። ወይ ማማሩ! አትሜ ወሰድኩላት።

እናቴ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ፊቷ በራ።

"ይሄ ነው? አንቺ ሞኝ፣ ይሄማ ቁርጭምጭሚት አይደርስም! ልጄ እኔን አዝሎ ያልፈዋል! አልሐምዱሊላህ!"

ያን ዕለት "ሲመጣ ይለብሰዋል" ብላ ብርድ ልብሱን አሳጠበችኝ።

ክረምት ሲመጣ ጓደኛውን ይዤ ወደ ወንዙ ተመለስኩ። ሰማዩ ደመና ነው፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ከገደሉ አናት ላይ ሆኜ አነሳሁት። ያነሳሁትን ሳየው ጎርፉ የጭቃ መንገድ መስሏል፤ አረፋውም ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ ሆኗል። እናቴ ይሄንን ብታይማ "በእግር ይሄዱበታል" ማለቷ አይቀርም። ወርጄ ዳሩ ላይ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። የውሃው መልክ እንዲወጣ ብርሃኑን ቀነስኩ፤ የሚዘለው ውሃ እንደዘለለ እንዲያዝ ሹተሩን አፈጠንኩት። መጠኑ እንዲታወቅ ደግሞ ጓደኛው ወንዙ ዳር እንዲቆምልኝ ለመንኩት።

"እህቴ፣ እዚህ ጋ ነው የገባው" አለኝና ፊቱን አዞረ። እንባ ዓይኔን ሞልቶት ጥራቱን ማየት አቃተኝ። ካሜራው ራሱ ያስተካክለው ብዬ ተጫንኩት።

ፎቶውን እናቴ ጭን ላይ ሳስቀምጠው ፈራሁ። ልነጥቃት ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። ተስፋዋን ብተውላትስ ምን ነበረበት?

"ይቺ ምንድን ናት?" አለች በጣቷ እየነካች።

"ሰው ነው፣ እማ። ጓደኛው ነው።"

"ይሄ ውሃው ላይ ያለው እንጨትስ?"

"ዛፍ ነው። ከነሥሩ ተነቅሎ ነው።"

ጣቷን ከሰውየው ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ሰውየው ወሰደችው።

"ያ ረቢ! ከዚህማ አይወጣም" አለች።

ከዚያ ጮኸች። ጎረቤቶቻችን የያዙትን ጥለው እየሮጡ ገቡ። "ምነው? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተባችሁ?" አሉ። እናቴ ስሙን ጠርታ "ልጄ ሞተብኝ" አለች። "እሱማ ዐምና ነው" ያላት የለም፤ መጮህ በዲናችን ነውር ነው ብሎ የገሠጻትም የለም። ሴቶቹ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱለት። እኔም ወንድሜን እናቴ ፊት አለቀስኩት።