ጀርባ የሌለው በር

የሰፈሩ ሰው የበያጇን አባት «መስታወት» ነው የሚላቸው። የሚሠሩት የብረት በር ግራው ክንፍ ቁርጥ ቀኙን ነው፤ አበባው አበባውን፣ ቅጠሉ ቅጠሉን ያያል። የብየዳ ብርሃን ዓይናቸውን ሲያደክመው ግን ቁርጥ አድርገው ለልጃቸው ተናገሩ፦ «አንድ በር ብቻሽን ሥሪ። ካማረ ወርክሾፑ ያንቺ ነው። ካላማረ ማሽኑን እሸጠዋለሁ፤ ስሜን አላሰድብም!»

በያጇ ልጃቸው ከብረት ጋር ነው ያደገችው። ዘንግ ስታጎብጥ የዳንቴል ክር የያዘች ነው የምትመስለው። አንድ አመል ግን አለባት፦ ብየዳውን ከፊትም ከኋላም ትሞርደዋለች፤ ቀለሙንም በሁለቱም ወገን ትቀባለች። አባቷ በዚህ ስንቴ ጮኸዋል! «አንቺ ልጅ፣ ጀርባውን ማን ሊያይልሽ ነው?» «እኔ አየዋለሁ፣ አባዬ።» ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ደንበኛዋ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ናት። በየክንፉ መሐል ቢጫ ወፍ፣ ዙሪያውን እየተደጋገመ የሚሄድ ሰማያዊ ቅጠል አዘዘች። ልጅት አንዱን ክንፍ ጨረሰች፤ ወይ ማማር! ወርክሾፑ ጠባብ ነውና እሱን ውጭ አውጥታ ሁለተኛውን በዚያው ንድፍ ሠራችው። ጉዱ የፈላው በሩ ደንበኛዋ ግቢ ላይ ተሰቅሎ ሲዘጋ ነው። መተያየት የነበረባቸው ወፎች ሁለቱም ወደ ቀኝ ዞረዋል። ንድፉን መገልበጥ ረስታለች!

«ምነው፣ ተኳርፈዋል እንዴ?» አለች ባለመድኃኒት ቤቷ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አባትየው ወፎቹን አጥርተው ባያዩም ሳቁን ሰምተዋል፤ ፊታቸው ጠቆረ። ልጅት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

አንገቷን ደፍታ በሩን አልፋ ወደ ግቢው ገባች፤ ዘወር ስትል የቀኙን ክንፍ ከኋላ አየችው። ቢጫው ያው ቢጫ፣ ሰማያዊው ያው ሰማያዊ፤ ወፉ ግን ወደ ግራ ዞሯል!

«ኑ፣ ያዙልኝ!» ብላ ጮኸች። ማጠፊያዎቹን ቆርጣ ክንፉን አወረደች፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረችው፣ ማጠፊያዎቹን በሌላው ጠርዝ በይዳ፣ የተቆረጠውንም የተበየደውንም ሞርዳ ሰቀለችው። በሩ ሲዘጋ ወፎቹ ምንቃር ለምንቃር ገጠሙ። የሳቀው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

አባትየው ቀረቡ። ያልተሞረደ ብየዳ ፍለጋ አንዱን ክንፍ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ሌላውን ዳሰሱ፤ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

«የቱ ነው የተገለበጠው?»

«ይፈልጉት እንጂ፣ አባዬ!»

ፈልገው አጡት። የወርክሾፑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በልጃቸው እጅ ላይ አኖሩና ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ በር የሚያሠራ እሷን ይጠይቅ» አሉ። «እኔ የሠራሁት በር ሁሉ ጀርባ አለው።»